ትምህርት ቤትን ስንመዝን ምን እንመዝናለን? ኢንስፔክሽንና የሥርዓተ ትምህርት ጥራት



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። የኢንስፔክሽን ባለሙያ ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሲሄድ ሊያውቀው የሚገባው ዋና ነገር ምንድን ነው? መልሴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ዋናው ነገር በዚያ ትምህርት ቤት ምን እንደሚሰጥ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሰጥና ከተሰጠውም ውስጥ ተማሪው የትኛውን እንደ ያዘ ማወቅ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ክፍሉም፣ ወንበሩም፣ ሰነዱም፣ ለዚህ አገልጋይ ነው። አሁን ያለው አመዛዘናችን ግን አገልጋዩን ከጌታው አስቀድሞ ይቈጥራል የሚል እምነት አለኝ። ይህ ደግሞ ከማንም ይልቅ የሚጎዳው የደጋውን ትምህርት ቤት ነው።

ትምህርት ቤትን መጎብኘትና መቈጣጠር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ሥራው በ1934 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ስሙ ደጋግሞ ተለዋውጧል። መጀመሪያ ኢንስፔክሽን ነበረ፤ በ1955 ዓ.ም. ሱፐርቪዥን ተባለ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ ኢንስፔክሽን ተመለሰ፤ ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ እንደገና ሱፐርቪዥን ሆነ። በ2006 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር የአጠቃላይ ትምህርት ኢንስፔክሽን ማዕቀፍን ሥራ ላይ ሲያውል ሁለቱ ተለያይተው ጎን ለጎን ቆሙ፤ ሱፐርቪዥን ለድጋፍ፣ ኢንስፔክሽን ለምዘና። በስሙ መለዋወጥ ውስጥ የነበረው ክርክር ጎብኚው ተቈጣጣሪ ይሁን ወይስ አጋዥ የሚል ነበር። ይኸውም ስለ ጎብኚው ጠባይ የተደረገ ክርክር ነው። ጎብኚው ምንን ይመልከት የሚለው ጥያቄ ግን የሚገባውን ያህል አልተነሣም።

የ2006ቱ ማዕቀፍ 26 ስታንዳርዶች አሉት። እነዚህም በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት የተከፈሉ ሲሆን ክብደታቸው እንደ ቅደም ተከተላቸው 25፣ 35 እና 40 በመቶ ነው። ነጥቡ ተደምሮ ትምህርት ቤቱ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባል፤ ከ50 በመቶ በታች ያገኘ ደረጃ 1፣ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኘ ደረጃ 4 ይሆናል። የማዕቀፉን ውለታ መካድ አይገባም። በመላ አገሪቱ ያሉ ትምህርት ቤቶች በአንድ ዓይነት መለኪያ እንዲታዩ አድርጓል፤ የትምህርት ቤቶቻችንን ችግር ስፋትም በግልጽ አሳይቶናል።

ሦስቱን ክፍሎች ቀረብ ብለን እንመልከት። ግብዓት የሚነግረን ለትምህርት ቤቱ የተሰጠውን ነው። ውጤት የሚነግረን ሁሉ ነገር ካለፈ በኋላ የታየውን ነው፤ ስንቱ አለፈ፣ ስንቱ አቋረጠ፣ ስንቱ ደገመ። በመካከል ያለው ሂደት ነው ትምህርቱን የሚነካው። ሥርዓተ ትምህርትን የሚመለከተው መስፈርትም በዚሁ ክፍል ይገኛል። ይሁን እንጂ ባለሙያው በጥቂት ቀናት ውስጥ 26 ስታንዳርዶችን ማዳረስ ስላለበት ማስረጃውን የሚፈልገው በአመዛኙ ከሰነድ ነው። ዕቅድ አለ ወይ? ቃለ ጉባኤ ተይዟል ወይ? መምህራኑ መጽሐፉን ገምግመው አስተያየት ጽፈዋል ወይ? ሰነዱ ከተገኘ ነጥቡ ይሰጣል። በሰነዱና በልጁ አእምሮ መካከል ያለው ርቀት ግን አይለካም።

ርቀቱ ምን ያህል እንደሆነ ከሌላ ምንጭ እናውቃለን። በ2002 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ክህሎት ጥናት ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ከሦስት አንዱ ያህል ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚህ አኃዞች ሕመም መኖሩን ይነግሩናል፤ ሕመሙ ከየት እንደ ጀመረ ግን አይነግሩንም። በ12ኛ ክፍል የወደቀው ልጅ የተሰናከለው ምናልባት በ4ኛ ክፍል፣ ክፍልፋይን ሳይረዳ ሲያልፍ ይሆናል። ያንን የሚያገኘው የትምህርቱን መንገድ ተከትሎ የሚጠይቅ ባለሙያ ነው።

አሁን ሁለት ትምህርት ቤቶችን በምሳሌነት እናንሣ። አንዱ በጎንደር ከተማ ይገኛል፤ ቤተ መጻሕፍት፣ ውኃ፣ መብራትና በቂ መምህራን አሉት። ሌላው በጃናሞራ ወይም በበየዳ ከመኪና መንገድ ርቆ ይገኛል፤ ክፍሎቹ ጭቃ ምርጊት ናቸው፣ ቤተ ሙከራ የሚባል ነገር የለውም፣ አንዱ መምህር ሁለትና ሦስት የትምህርት ዓይነት ደርቦ ይይዛል። የከተማው ትምህርት ቤት ከበሩ ላይ ነጥብ ይዞ ይነሣል። የደጋው ትምህርት ቤት መምህራን በብልኀትና በትጋት ልጆቹን ማንበብ ቢያስተምሩ እንኳ ደረጃቸው ዝቅተኛ ሆኖ ይቀራል። የጎደለውን ቤተ መጻሕፍት ርእሰ መምህሩ አልከለከለም፤ ሊሠራውም አቅም የለውም። ስለዚህ የደረጃው ወቀሳ ሊመለከተው ከሚገባው አካል ርቆ በማይመለከተው ላይ ያርፋል። በአንጻሩ በከተማው ትምህርት ቤት ልጆቹ ትርጉሙን ሳይረዱ የሚሸመድዱት ብዙ ቢሆንም፣ መልካሙ ሕንፃ ይሸፍነዋል።

ትምህርትን በይዘቱ መመዘን ከውጭ የመጣ ሐሳብ መስሎ የሚታያችሁ ካላችሁ ወደ ጎንደር የአብነት ትምህርት ተመልከቱ። ልጁ ከ«ሀ ሁ ሂ» ጀምሮ ፊደልን በተርታ ከቈጠረ በኋላ የኔታ ወደ አቡጊዳ ያሻግሩታል፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። በዚህ ተራ እያንዳንዱ ፊደል ከተለያየ ቤትና ከተለያየ ድምፅ ይመጣል። ተርታውን በዜማ ብቻ የሸመደደ ልጅ እዚህ ላይ ይያዛል፤ ፊደሉን በዓይኑ የለየ ያልፋል። ይህ ቅደም ተከተል ራሱ ምዘና ነው። ከፍ ሲልም ድጓ የተማረ በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ በዙር አምባ፣ አቋቋም የተማረ በጎንደር በአታ ያስመሰክራል። የሚያስመሰክረው ደቀ መዝሙር ጎጆው ምን ዓይነት እንደ ነበረ የሚጠይቀው የለም፤ የሚጠየቀው የያዘውን ነው። ይህን የማነሣው ያለፈውን ለማወደስ አይደለም፤ የአብነት ትምህርት ለጥቂቶች የተወሰነና ሴቶችን በአብዛኛው ያገለለ ነበር። ነገር ግን የምዘናው ዓይን የት ላይ ማረፍ እንዳለበት ያውቅ ነበር።

ከውጭም የምንማረው አለ። የእንግሊዝ የትምህርት ቤቶች ኢንስፔክሽን መሥሪያ ቤት ኦፍስቴድ የተቋቋመው በ1992 እ.ኤ.አ. ሲሆን ለዓመታት ትምህርት ቤቶችን እንደ እኛው በአራት ደረጃዎች ይመድብ ነበር። ለብዙ ዓመታት የፈተና ውጤት በፍርዱ ውስጥ ትልቅ ቦታ ነበረው። ይህም ትምህርት ቤቶች ለፈተና ብቻ እንዲያስተምሩ፣ ሥነ ጥበብንና ታሪክን እንዲያጠብቡ ገፋፋ። በ2019 እ.ኤ.አ. መሥሪያ ቤቱ ማዕቀፉን ለውጦ የሥርዓተ ትምህርትን ጥራት መሃል ላይ አስቀመጠ። ጥያቄዎቹ ሦስት ሆኑ፦ ምን ልታስተምሩ አስባችኋል? እንዴት እያስተማራችሁት ነው? ተማሪዎቹስ ምን ያዙ? በዚያ ማዕቀፍ ባለሙያዎቹ ጥቂት የትምህርት ዓይነቶችን መርጠው ከመምህራኑ ጋር ይወያዩ፣ ክፍል ገብተው ይመለከቱ፣ የተማሪዎችን ደብተር ያገላብጡ፣ ተማሪዎቹንም ያነጋግሩ ነበር።

ይህ መንገድ እሾህ አልነበረውም አልልም። መምህራን «ያሰብነው» የሚል ረጅም ጽሑፍ በማዘጋጀት ተጠመዱ። አንድ መምህር ብዙ የትምህርት ዓይነት የሚይዝባቸው ትናንሽ ትምህርት ቤቶችም ጥልቅ ጥያቄው ከበዳቸው። በአንድ ቃል የሚሰጠው ደረጃም ጫናው እንደ ቀጠለ ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. አንዲት ርእሰ መምህርት ትምህርት ቤታቸው ዝቅተኛ ደረጃ ከተሰጠው በኋላ ሕይወታቸውን አጠፉ። ክርክሩ በርትቶ በ2024 እ.ኤ.አ. የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አጠቃላይ የአንድ ቃል ደረጃ ቀረ። ለእኛ የሚሆነው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ጥያቄው ትክክለኛ ቢሆንም ወደ ወረቀትና ወደ ማስፈራሪያ ከተለወጠ ይበላሻል።

በእኛ ሁኔታ ሥራው ምን ሊመስል ይችላል? ክፍልፋይን እንውሰድ። በደባርቅ ወረዳ ወደሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የሄደ ባለሙያ በመጀመሪያ መምህሩን ይጠይቃል፤ ልጆቹ ክፍልፋይን ከመጀመራቸው በፊት ምን ማወቅ አለባቸው? ቀጥሎስ ለምን ይጠቅማቸዋል? ሁለተኛ፣ ክፍል ገብቶ ያያል። ሦስተኛ፣ የአምስት ስድስት ልጆችን ደብተር ይመለከታል። አራተኛ፣ ልጆቹን ያነጋግራል። በአካባቢያችን መሬት በቃዳ ይለካል፤ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ነው። «አባትሽ ግማሽ ቃዳ ገብስ ቢዘሩ የሄክታር ስንት እጅ ዘሩ?» ተብላ የተጠየቀች ልጅ ስምንተኛ እጅ ብላ ምክንያቱን ካስረዳች ክፍልፋይ ገብቷታል። ደንቡን በቃሏ ደግማ ይህን መመለስ ካቃታት ግን መምህሩና ባለሙያው አብረው የሚነጋገሩበት ቁም ነገር ተገኘ። ለዚህ ሁሉ መብራትም ቤተ ሙከራም አያስፈልግም።

ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ እንደሚችሉ አውቃለሁ። የመጀመሪያው፣ ሥርዓተ ትምህርቱ የሚዘጋጀው በክልልና በፌደራል ደረጃ ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ምን ይጠየቃል የሚል ነው። እውነት ነው፤ መጽሐፉ ከላይ ይመጣል። ነገር ግን የትኛው ምዕራፍ መሠረት እንደሆነ፣ ጊዜ ሲያጥር የትኛው እንደሚቀድም፣ ያልገባው ልጅ እንዴት እንደሚመለስ የሚወስነው መምህሩ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በስፋት ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍቱ ለብዙ ተማሪዎች በወቅቱ ሳይደርሱ ሲቀሩ፣ ትምህርቱን ያቆመው የመምህሩ ውሳኔ ነበር። ሁለተኛው፣ ኢንስፔክተሮቻችን በሁሉም የትምህርት ዓይነት ጥልቅ ዕውቀት የላቸውም የሚል ነው። ይህም እውነት ነው፤ ኃላፊነቱም በከፊል የእኛ የዩኒቨርሲቲዎችና የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ነው። ባለሙያዎችን በንባብና በሒሳብ ትምህርት ከማሠልጠን መጀመር ይቻላል። ሦስተኛውና ብርቱው፣ ሕንፃና ውኃ ከመለኪያው ከወጡ መንግሥት ከኃላፊነቱ ያመልጣል የሚል ነው። እኔ የምለው ግብዓት አይቈጠር አይደለም። ይቈጠር፤ ነገር ግን ለብቻው ተቈጥሮ የማሟላት ግዴታ ባለበት በወረዳው፣ በዞኑና በክልሉ ስም ይጻፍ። ያን ጊዜ ማን ምን እንዳላደረገ በግልጽ ይታያል።

ይህ ጉዳይ ዛሬ አጣዳፊ የሆነበት ምክንያት አለ። ሰሜን ጎንደር በሰሜኑ ጦርነት ተጎድቷል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ባለው ግጭትም በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ብዙ ልጆችም የትምህርት ዓመታት አምልጠዋቸዋል። ልጆቹ ሲመለሱ የነበራቸው ክፍል ፈርሶ፣ መጽሐፋቸው ጠፍቶ ይሆናል። በዚያን ቀን የሚመጣው ባለሙያ የፈረሰውን ቈጥሮ ደረጃ 1 ብሎ ቢሄድ ለማንም አዲስ ነገር አይነግርም። «እነዚህ ልጆች የት ላይ አቆሙ? ከየትስ እንጀምራለን? የትኛው ይቅር፣ የትኛው ፈጽሞ አይቅር?» ብሎ ከመምህራኑ ጋር ቢቀመጥ ግን የጎደለውን ዓመት ለመመለስ የመጀመሪያውን ሥራ ሠራ ማለት ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ሕንፃው እስኪሠራ ድረስ አሥር ዓመት ሆኖ አይጠብቅም።

በመጨረሻ ለውይይት የሚሆኑ ሦስት ሐሳቦችን ላቅርብ። አንደኛ፣ የግብዓት ነጥብ ከትምህርት ቤቱ ደረጃ ተለይቶ በአቅራቢው አካል ላይ ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ ጉብኝት ሁለት የትምህርት ዓይነት ብቻ ተመርጠው በጥልቀት ይታዩ፤ በአንደኛ ደረጃ አንዱ ምንጊዜም ንባብ ይሁን። ሦስተኛ፣ ለዚህ ሲባል አንድም አዲስ ቅጽ እንዳይፈጠር፤ ማስረጃው የልጁ ደብተርና የልጁ አንደበት ይሁን። እዚህ ያላችሁ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ለጥናታችሁ ርእስ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ይህን በጥቂት የጉድኝት ማዕከላት ሞክሮ ማየት ለአገር የሚተርፍ ሥራ ነው።

 አሁን መድረኩ ለጥያቄና ለተቃውሞ ክፍት ነው።