ንጉሡ የጥንት ነው፣ ነገሩ የዛሬ፦ የቻይናን ተከታታይ ድራማዎች እንዴት እንመልከታቸው?

ዛሬ ከዕለቱ የፖለቲካ ወሬ ትንሽ ፈቀቅ ብለን ስለ ቻይና ተከታታይ ድራማዎች እንጨዋወታለን። «ድራማ ደግሞ ምን የሚተነተን ነገር አለው?» የሚል አይጠፋም። አይፈረድበትም። ብዙዎቻችሁ እነዚህን ድራማዎች የምታዩት ከሥራ መልስ፣ በስልካችሁ ላይ፣ የግርጌ ጽሑፉን እያነበባችሁ ድካማችሁን ለመርሳት ነው። የሐር ልብስ፣ ቤተ መንግሥት፣ ሰይፍ፣ በአየር ላይ የሚበር ሰው! ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ጌጥ ጀርባ አንድ ትልቅ ክርክር አለ። ክርክሩም «ያለፈው ታሪክ የማን ነው? ማንስ ይተርከው?» የሚል ነው።

አንድ ነገር እናስቀድም። ቻይና ውስጥ ስለ ዛሬው መሪ በአደባባይ እንደ ልብ መከራከር አይቻልም። አንድ ተከታታይ ድራማም በቴሌቪዥን ከመታየቱ በፊት ተመርምሮ የመንግሥትን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ታዲያ ስለ ሥልጣን መናገር የፈለገ ሰው ምን ያደርጋል? እኛ ሰምና ወርቅ የምንለውን መንገድ ይይዛል። ሰሙ የጥንት ንጉሥ፣ ወይም ተረት፣ ወይም የመምህር ትምህርት ይሆናል። ወርቁን ተመልካቹ ራሱ ይፈልገዋል። እስቲ ሦስቱን በየተራ እንያቸው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ የነገሥታቱ ድራማ

በ1999 መጀመሪያ ላይ የቻይና ማዕከላዊ ቴሌቪዥን «የዮንግዠንግ ሥርወ መንግሥት» የተሰኘ 44 ክፍሎች ያሉት ድራማ አሳየ። ዮንግዠንግ ከ1722 እስከ 1735 የገዛ የቺንግ ንጉሠ ነገሥት ነው። በሕዝብ ወሬ ስሙ አያምርም፤ የአባቱን ኑዛዜ ለውጦ፣ ወንድሞቹን ገፍቶ ዙፋን ላይ የወጣ ጨካኝ ነው ሲባል ኖሯል። ድራማው ግን ሌላ ሰው አቀረበ። ቢጫ ወንዝ ሞልቶ ሕዝብ ያፈናቅላል። ለእርዳታ ገንዘብ ሲፈለግ የመንግሥት ግምጃ ቤት ባዶ ሆኖ ይገኛል፤ ባለሥልጣናቱ ተበድረው በልተውታል። አራተኛው ልዑል ዕዳውን ላስከፍል ብሎ ሲነሣ መኳንንቱ ጥርሳቸውን ይነክሱበታል። ከነገሠም በኋላ ሰነድ ሲያነብ ያድራል፤ ሲደክም ኖሮ ይሞታል።

ተመልካቹ ይህን ያየው መቼ ነበር? ጠቅላይ ሚኒስትር ዡ ሮንግጂ ሙስናን እዋጋለሁ፣ የመንግሥት ድርጅቶችን አስተካክላለሁ ብለው በተነሡበት ወቅት ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን አመሳሰለ። ልብ በሉ፤ ድራማው የታየው በመንግሥት ጣቢያ ነው። «ጠንካራ መሪ ቢጠላም የሚደክመው ለእናንተ ነው» የሚለው መልእክት ለመንግሥት የሚጎረብጥ አልነበረም። በታሪክ መዝገብ ያለው ዮንግዠንግ ግን አንድ አስተማሪ በአመፅ ሲከሰስ፣ «ሐሳቡን ያገኘው ከዚህ ነው» ተብሎ ከብዙ ዓመታት በፊት የሞተ ምሁር አስከሬን ከመቃብር ወጥቶ እንዲቆራረጥ ያደረገ ንጉሥም ነው። እንግዲህ ሰምና ወርቅ የሚያገለግለው ተቃዋሚን ብቻ አይደለም። ገዢውም ይጠቀምበታል።

አሁን ደግሞ የተገላቢጦሹን እንይ። በ2003 «ወደ ሪፐብሊክ» የተባለ ድራማ በዚያው ጣቢያ ታየ። የቺንግ ሥርወ መንግሥት እንዴት እንደወደቀ የሚተርክ ነው። በትምህርት ቤት መጻሕፍት ከሀዲ እየተባሉ የተወገዙ ሰዎችን ሰው አድርጎ አቀረባቸው። ለምሳሌ ሊ ሆንግዣንግ በ1895 ከጃፓን ጋር ውል ፈርሞ ታይዋንን ያስረከበ ሰው ነው። ነገር ግን ለድርድር በሄደበት በጃፓን ፊቱ ላይ በጥይት የተመታ፣ የተሸነፈችን ሀገር ዕዳ በትከሻው የተሸከመ ሽማግሌም ነበር። ድራማው ይህን አሳየ። በመጨረሻው ክፍል ሱን ያት ሴን ስለ ሪፐብሊክ ምንነት የሚያደርገው ንግግር ግን በስርጭቱ ተቆረጠ። ድራማውም እንዳይደገም ተደረገ። እንግዲህ «ከሀዲ» የተባለን ሰው እንደ ሰው ማየት ብቻውን ፖለቲካ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የ2018ቱን «የያንሺ ቤተ መንግሥት ታሪክ» ያያችሁ ትኖራላችሁ። 70 ክፍሎች አሉት። የእቴጌዎችና የዕቁባቶች ሽኩቻ ነው፤ ፖለቲካ የሚባል ነገር አይታይበትም። በኢንተርኔት በቢሊዮን ለሚቆጠር ጊዜ ታየ። ከወራት በኋላ፣ በጥር 2019፣ የቤጂንግ ከተማ የፓርቲው ጋዜጣ በእንዲህ ዓይነት ድራማዎች ላይ ብዕሩን አነሣ። የቤተ መንግሥት ቅንጦትን ያስመኛሉ፣ ተንኮልን ያስተምራሉ፣ ነገሥታትን እያወደሱ የዘመኑን ጀግኖች ያደበዝዛሉ ሲል ከሰሳቸው። ብዙም ሳይቆይ ድራማው ከአንዳንድ ጣቢያዎች ወረደ። እንግዲህ ፖለቲካ የሌለበት ሽኩቻም ከወቀሳ አያመልጥም።

ሁለተኛ፦ የተረቱ ዓለም

ታሪክ ሲያስቸግር ተረት አለ። የቻይና ቴሌቪዥን ተረት አባት «ወደ ምዕራብ ጉዞ» ነው። መሠረቱ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ልብ ወለድ ነው። ያንግ ጂዬ የተባሉ ሴት ዳይሬክተር ቀረጻውን በ1982 ጀምረው፣ አብዛኛውን በአንድ ካሜራ ቀርጸው፣ 25ቱን ክፍሎች ያጠናቀቁት በ1988 ነው። ሰማይን አምፆ 500 ዓመት በተራራ ሥር የታሰረውን ጦጣ የማያውቅ ቻይናዊ ማግኘት ይከብዳል።

የዚህን ታሪክ ወርቅ ቻይናውያን ራሳቸው እየሳቁ ያወሩታል። መነኩሴውን ሊበሉ ከሚመጡት ጭራቆች መካከል ብዙዎቹ ከሰማይ ቤት ያመለጡ ናቸው፤ የአንዱ ጌታ በሬ፣ የሌላው ቅዱስ አንበሳ። ጦጣው ዱላውን አንሥቶ ሊጨርሳቸው ሲል ጌታቸው ከሰማይ ይወርድና «ተወው፣ የእኔ ነው» ብሎ ይወስደዋል። ቅጣት የለም። ከላይ ዘመድ የሌለው ጭራቅ ግን ወዲያው በዱላ ይሞታል። ይህ ለማን ሊገለጽ ይገባል? ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተ ሰው ሁሉ ይገባዋል።

በ2015 የወጣው «የላንግያ መዝገብ» ደግሞ ጠለቅ ያለ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች በሌላ ስም ያውቁታል። 54 ክፍሎች አሉት። ምትሃት የለበትም፤ መንግሥቱም ሰዎቹም ግን ምናባዊ ናቸው። 70,000 ወታደሮች «ከሀዲ» ተብለው በሐሰት ክስ አልቀዋል። ከሞት የተረፈው የጦር አዛዡ ልጅ ከዓመታት በኋላ በሌላ ስምና በሌላ መልክ ወደ ዋና ከተማው ይመለሳል። ዙፋን አይፈልግም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ክሱ በአደባባይ እንደገና ይታይ፣ የሟቾች ስም ይመለስ። በንጉሡ የልደት ግብዣ ላይ አንዲት ልዕልት ተነሥታ እውነቱን ታነባለች። ንጉሡ ይቆጣል። ያን ጊዜ ሹማምንቱ አንድ በአንድ እየተነሡ «ይመርመር» ይላሉ። ይህ ነገር በእውነተኛ ንጉሥ ወይም በቅርብ ዘመን ታሪክ ስም ቢቀርብ ኖሮ ፈቃድ ማግኘቱ ያጠራጥራል። በሌለ ሀገር ስም ግን አለፈ። ሚሊዮኖችም አለቀሱበት።

ተረቱም ቢሆን ገደብ አለው። በ2011 የቻይና የብሮድካስት ባለሥልጣን ሰው ከዛሬ ወደ ጥንት ዘመን የሚሄድባቸውን ድራማዎች «ታሪክን በዋዛ ይይዛሉ» ብሎ ወቀሰ። ታዲያ በ2019 «የሕይወት ደስታ» የተባለው ድራማ ሲሠራ ምን ተደረገ? በመጽሐፉ ውስጥ የዘመናችን ሰው በሌላ ዓለም ይወለዳል። በድራማው ግን አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መምህሩን ለማሳመን የሚጽፈው ልብ ወለድ ሆኖ ቀረበ። በዚህ ዘዴ በሩ ተከፈተ።

ሦስተኛ፦ የመምህሩ ወንበር

በሰኔ 1988 ማዕከላዊ ቴሌቪዥኑ «የወንዙ ሙሾ» ልንለው የምንችል ባለ 6 ክፍል ዝግጅት አሳየ። ድራማ አይደለም፤ በምስል የታጀበ ትምህርት ነው። ቢጫ ወንዝን፣ ታላቁን ግንብና ዘንዶውን ጠርቶ «እነዚህ የምንኮራባቸው ነገሮች ዘግተውን ይሆን? ወደ ሰማያዊው ባሕር መውጣት አይሻለንም?» ብሎ ጠየቀ። ሀገር ምድሩ ተከራከረበት። ከ1989ኙ የቲያናንመን ግድያ በኋላ ዝግጅቱ ታገደ። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ሱ ሺያኦካንግም ሀገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ ኑሮውንም አሜሪካ አደረገ። በጻፈው ነገር ምክንያት ከሀገር መውጣት ምን ማለት እንደሆነ ከእናንተ መካከል የሚያውቅ ብዙ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ትምህርት ለዘብ ያለ ነበር። በ2001 «የሊቃውንት መድረክ» የሚባል ዝግጅት ተጀመረ፤ አንድ መምህር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ታሪክ። ፕሮፌሰር ዪ ጆንግቲያን የሦስቱን መንግሥታት ዘመን በሰፈር ቋንቋ ሲተርኩ እንደ ዘፋኝ ታወቁ። በ2006 ፕሮፌሰር ዩ ዳን ኮንፊሺየስን አስተማሩ፤ መጽሐፋቸው በሚሊዮኖች ተሸጠ። ኮንፊሺየስ እኮ በ1970ዎቹ በመንግሥት ዘመቻ የተወገዘ ሰው ነው! ተቺዎቻቸው ግን አንድ ከባድ ጥያቄ አነሡ፤ ገዢዎችን ይገሥጽ የነበረው ፈላስፋ «ባለህ ተደሰት፣ ልብህን አረጋጋ» የሚል አጽናኝ ብቻ ሆኖ ቀረ አሉ።

ክርክሩ እስከ ጥፊም ደርሷል። ያን ቾንግኒያን የቺንግ ነገሥታትን በዚሁ መድረክ ያስተማሩ አዛውንት ምሁር ናቸው። በጥቅምት 2008 በዉሺ ከተማ መጽሐፋቸውን ሲፈርሙ አንድ ሰው ቀርቦ በጥፊ መታቸው። ለምን? ቺንግን የመሠረቱት ማንቹዎች ናቸው፤ በ1644 ቤጂንግን ይዘው ቻይናን ገዙ። ለምሁሩ ሀገር ያሰፉ ነገሥታት ናቸው፤ ለመቺው ግን አያቶቹን የጨፈጨፉ ወራሪዎች ናቸው። አንዱ የሀገር ግንባታ የሚለውን ሌላው ቁስል ይለዋል። ይህ ክርክር ለእኛ ባዕድ ነው? ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ።

እንግዲህ ምን እንያዝ?

ሁሉም ድራማ ቅኔ ነው እያልን አይደለም። ብዙው ለገበያ የተሠራ የፍቅር ታሪክ ነው፤ ተዝናኑበት። ነገር ግን በሚቀጥለው ጊዜ አንዱን ስትከፍቱ ሦስት ጥያቄዎች በልባችሁ ያዙ። ታሪኩ የማንን ስም ያድሳል? የማንን ሞት ዝም ብሎ ያልፋል? ይህ ንጉሥ፣ ይህ ጭራቅ፣ ይህ መምህር የሚያናግረው የጥንቱን ሰው ነው ወይስ የዛሬውን?

ሰው በፊት ለፊት እንዳይናገር ሲከለከል ዝም አይልም፤ ዙሪያውን ይሄዳል። ፈቃጁም ይህን ያውቃል፤ ለዚህ ነው መቀሱን ይዞ የሚከተለው። ልጆቻችሁ አጠገባችሁ ሆነው ሲያዩ እነዚህን ጥያቄዎች ብታነሡላቸው፣ የሌላውን ሀገር ታሪክ ብቻ ሳይሆን የራሳቸውንም ለመመርመር ዓይን ያወጣሉ።