ለማጅ የያዘ ወርክሾፕ

ጀርመን አገር የፋብሪካ መካኒክ ለመሆን ውል የፈረመ ወጣት፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውድ ማሽን አያስነኩትም። የሚሰጠው አንድ ሞረድ፣ አንድ ሞርሳና አንድ ቁራጭ ብረት ነው። ብረቱን ሞርሳው ላይ ጥርቅም አድርጎ ያስርና ፊቱ ለጥ እስኪል ይሞርዳል። ሞረዱን ወደፊት ሲገፋ ይጫነዋል፣ ወደኋላ ሲመልስ ያላላዋል። ጀማሪ እጁ ስለሚወዛወዝ ብረቱ ዳርና ዳሩ እየተበላ መሐሉ ጎብጦ ይቀራል። ልጁ በየመሐሉ ስኳድራውን ብረቱ ላይ ያሳርፍና ወደ መስኮቱ ዞሮ ያያል፤ በስኳድራውና በብረቱ መካከል ብርሃን ሾልኮ ከታየው ሥራው ገና ነው። እንደገና ይሞርዳል።

ከውጭ ለሚያየው ጊዜ ማባከን ይመስላል፤ ይህን ሥራ ማሽን በደቂቃዎች ይጨርሰዋልና። የሞረዱ ትርፍ ግን ከብረቱ ይልቅ ልጁ ላይ የሚታይ ነው። የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ምን ያህል እንደሆነ እጁ ያውቀዋል። በኋላ ቶርኖ ላይ ሲቆም ካሊፐሩ የሚያሳየውን ቁጥር በጣቱ ያውቀዋል፤ ቁጥሩ ሲሳሳትም ይጠረጥራል።

የዚህ ሥልጠና አሠራር መሠረቱ ቀላል ነው። ልጁ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን ድርጅቱ ውስጥ ይሠራል፣ የቀረውን አንድ ወይም ሁለት ቀን የሙያ ትምህርት ቤት ይውላል። እንደየሙያው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ይፈጃል። አሠራሩ በአንድ አገር አቀፍ ሕግ የተጠቃለለው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን፣ ዛሬ ከ320 በላይ የሚሆኑ ሙያዎች በዚህ መንገድ ይለመዳሉ። ጀርመን የሚኖሩ አበሾች «አውስቢልዱንግ» እያሉ የሚያወሩለት ይኸው ነው። ለብዙዎቹ ከሙያም በላይ ሆኖ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሕግ የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ የሆነበት ሰው እንኳ፣ ቅድመ ሁኔታዎቹን ካሟላ፣ የጀመረውን ሥልጠና እንዲጨርስና ሥራ ካገኘ ሁለት ዓመት ተጨማሪ እንዲቆይ በር ከፍቷል።

ሠራተኛው የሚያገኘው ጥቅም ብዙ ክርክር አያስነሣም። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይከፈለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ ላይ የዋለው ዝቅተኛ የለማጆች ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት በወር 515 ዩሮ ነበር፣ ከዓመት ወደ ዓመትም ከፍ እንዲል ተደርጓል። ትምህርቱን ሲጨርስ ብድር የለበትም። ፈተናውን የሚሰጠው የንግድ ምክር ቤቱ ወይም የእደ ጥበብ ምክር ቤቱ የሚያቋቁመው ቡድን ነው፤ ከአሠሪዎች፣ ከሠራተኞችና ከሙያ መምህራን ስለሚውጣጣ ወረቀቱ በመላ አገሪቱ ይታመናል። ካጠናቀቁት ውስጥም ከአራቱ ሦስቱ ያህል ባሠለጠናቸው ድርጅት ይቀጠራሉ።

አሠሪው ጋ ሲደርስ ነው ነገሩ የሚከብደው። ለማጅ መያዝ በብዙ ሰው ዘንድ እንደ በጎ አድራጎት ወይም እንደ ርካሽ ጉልበት ይታያል። ሁለቱም ስሕተት ነው።

የጀርመን ፌዴራል የሙያ ትምህርት ኢንስቲትዩት ይህን ሒሳብ በየጊዜው እየሠራ ያወጣል። እ.ኤ.አ. ለ2017/18 ባደረገው ጥናት አንድ ለማጅ ለድርጅቱ በዓመት በአማካይ 20,855 ዩሮ ወጪ ሲያስወጣ፣ በሚሠራው ሥራ 14,377 ዩሮ መልሷል። የቀረው የተጣራ ወጪ 6,478 ዩሮ ነው። ከጠቅላላው ወጪ ትልቁ ድርሻ የለማጁ የራሱ ክፍያ ነበር፤ የአሠልጣኞች ጊዜና የዕቃ ወጪ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። እንግዲህ ልጁ ገና እየተማረ ሳለ ከወጪው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን በእጁ ይመልሳል ማለት ነው። ቀሪው ገንዘብ ደግሞ አዲስ ባለሙያ ለመፈለግ፣ ለማስታወቂያ፣ ለቃለ መጠይቅና አዲሱ ሰው ቤቱን እስኪለምድ ለሚባክነው ጊዜ ከሚወጣው ጋር መነጻጸር አለበት። ስዊዘርላንድ ውስጥ እንዲያውም አብዛኞቹ አሠሪዎች ሥልጠናው ሳያልቅ ወጪያቸውን ይመልሳሉ። ተመራማሪዎቹ ልዩነቱን ሲፈትሹ ያገኙት አንድ ትልቅ ምክንያት፣ የስዊዝ ለማጆች ድርጅቱ ውስጥ በሚውሉበት ጊዜ ከልምምድ ይልቅ ለደንበኛ የሚሆን እውነተኛ ሥራ ላይ የበለጠ መዋላቸውን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃት እንምጣ።

ጋራዥም ይሁን የብረታ ብረት ቤት፣ የለማጅ ወሬ ሲነሣ ባለቤቱ የሚመልሰው አንድ ነው፦ «እኔ ለፍቼ አሠለጥነዋለሁ፤ እጁ ሲፈታ ጎረቤቴ ትንሽ ጨምሮ ይወስድብኛል።» ይህ ንግግር መርካቶ ዙሪያም ይሰማል፣ ሽቱትጋርትም ይሰማል። ስስት ብሎ ማለፍም አይገባም፤ ትልቅ ሊቅ የደገፈው ሐሳብ ነውና። በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጌሪ ቤከር፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፉ ሙያን በሁለት ከፈለው። አንዱ እዚያው ድርጅት ውስጥ ብቻ የሚጠቅም ዕውቀት ነው፤ ሁለተኛው የትም ይዘውት የሚሄዱት ነው። ብየዳ የተማረ የትም ይበይዳል። እንዲህ ዓይነቱን ሙያ አሠሪ በራሱ ገንዘብ አያስተምርም፣ ተወዳዳሪው ለልጁ የሚገባውን ሙሉ ደመወዝ ከፍሎ ይወስደዋልና፤ ስለዚህ የሥልጠናውን ወጪ የሚችለው ራሱ ለማጁ መሆን አለበት አለ ቤከር።

ሒሳቡ እንከን የለውም። ነገር ግን የጀርመን ፋብሪካዎች ያንን ብየዳ፣ ያንን ኤሌክትሪክ፣ ያንን ቶርኖ በራሳቸው ገንዘብ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ዛሬም ያስተምራሉ። ለምን?

ዳሮን አሴሞግሉና ዮርን ሽቴፈን ፒሽከ የተባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች ይህን ጥያቄ አንሥተው እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ጥናት ከሁሉም ይልቅ ሊነበብ የሚገባው ነው። መልሳቸው ገንዘብ ላይ ሳይሆን ሰውን በማወቅ ላይ የቆመ ነው። አንድ ጋራዥ ውስጥ አብረው የተማሩ ሁለት ልጆችን እናስብ። ወረቀታቸው አንድ ዓይነት ነው። ባለቤቱ ግን ሁለቱንም ለዓመታት አይቷቸዋል። አንደኛው ሞተር ሲያንኳኳ በጆሮው ብቻ ከየት እንደመጣ ይለያል፤ የብሎን ጥርስ ሲበላበት ደብቆ አያጠብቅም፣ መጥቶ ይናገራል። ሁለተኛው እጁ ፈጣን ነው፣ ግን የፍሬን ሥራ ላይ መጨረሻውን ሳያይ ጎማ ይመልሳል። ጎረቤት ያለው ጋራዥ ይህን ከየት ያውቃል? የሚያየው ወረቀቱን ብቻ ነው። ልጁ ለቅቆ ሥራ ሲጠይቀው ደግሞ ቀድሞ የሚመጣበት ሐሳብ «ጥሩ ቢሆን ኖሮ ለምን ለቀቁት?» የሚል ነው። ስለዚህ የሚያቀርበው ደመወዝ ልጁ ከሚያወጣው ዋጋ ያነሰ ይሆናል። ያሠለጠነው ባለቤት ከጎረቤቱ ትንሽ በልጦ ከፈለ ማለት ጎበዙን አስቀረው ማለት ነው፤ ልጁ በሚሠራውና በሚከፈለው መካከል ያለው ልዩነትም ለሥልጠና የወጣውን ይመልስለታል።

ይህ ሐሳብ ቢቻል በማስረጃ መፈተን ነበረበት፤ እነርሱም የሚያምር መፈተኛ አገኙለት። በዚያን ጊዜ የጀርመን ወጣቶች ለውትድርና ይጠሩ ነበር። የተጠራ ልጅ ያሠለጠነውን ድርጅት ጥሎ የሚሄደው ሰነፍ ስለሆነ ወይም ስለተባረረ ሳይሆን አገር ስለጠራው ነው። ስለዚህ ሲመለስ «ለምን ለቀቁት?» የሚለው ጥርጣሬ አይነካውም። ተመራማሪዎቹ እንዳሉት ከሆነ እነዚህ ልጆች ከሌሎቹ ለቃቂዎች የተሻለ ደመወዝ ማግኘት አለባቸው። መረጃው የተናገረው ይህንኑ ነው፤ በውትድርና ምክንያት የለቀቁት ባሠለጠናቸው ቤት ከቀሩትም ጭምር የበለጠ ሲያገኙ ታይተዋል። የቀሩት፣ ባለቤቱ ብቻ የሚያውቀውን ጉብዝናቸውን ገበያው ስላላየላቸው፣ ትንሽ ዝቅ ባለ ደመወዝ ይሠሩ ነበር።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት «ይወስዱብኛል» ለሚል ባለቤት ቀጥተኛ ነው። በጎረቤቱ ላይ ያለው ብልጫ ልጁን ማወቁ ነው። ይህ ዕውቀት ደግሞ ልጁን ጥግ አቁሞ አይገኝም፤ ሥራ ሰጥቶ፣ አጠገቡ ቆሞ፣ ሲያበላሽና ሲያቃና አይቶ ነው የሚገኘው። ሦስት ዓመት ሻይ ሲያስልከው የኖረ ባለቤት በመጨረሻው ቀን ስለዚያ ልጅ የሚያውቀው የሻዩን ፍጥነት ነው፤ ከማያውቀው ጎረቤት በምን ተሻለ?

በኋላ የሆንዳ ኩባንያን የመሠረተው ጃፓናዊው ሶይቺሮ ሆንዳ ታሪኩ እንዲሁ ሊያልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1922 ገና በአፍላ ዕድሜው ቶኪዮ ወደሚገኘው አርት ሾካይ ጋራዥ ሲገባ፣ ያሰበው መኪና መፍታት፣ የገጠመው ግን ወለል መጥረግና የባለቤቱን ሕፃን ማዘል ነበር። ሥራ በበዛ ጊዜ ባለቤቱ ጠርቶ ከመኪና ሥር አስገባው፤ ልጁ ምን እንደሚችል የታየው ያን ጊዜ ነው። ከስድስት ዓመት ገደማ በኋላ ያው ባለቤት በጋራዡ ስም ሐማማጹ ከተማ ላይ ቅርንጫፍ እንዲከፍት ፈቀደለት። ሆንዳ መጥረጊያውን ታግሦ መቆየቱን እያነሡ ለማጆችን «ታገሥ» የሚሉ አሉ። የተሻለው ንባብ ባለቤቱን ይመለከታል፤ ልጁን ከሕፃኑ ወደ መኪናው ቀድሞ ቢጠራው ኖሮ የሚያጣው ነገር አልነበረም።

እዚህ ላይ ጥቂት ወቀሳ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያ ውስጥ በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ላይ የትብብር ሥልጠና የሚባል አሠራር አለ፤ እንደ አሠራሩ ከሥልጠናው ጊዜ 70 በመቶው ድርጅት ውስጥ፣ 30 በመቶው ተቋም ውስጥ እንዲሰጥ ታስቧል። ሐሳቡ ግሩም ነው። ድርጅት ውስጥ ሲገቡ ግን የሚታየው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ሠልጣኞች ግድግዳ ተደግፈው ሥራ ያያሉ፤ ፊሶ አቀብሉ ሲባሉ ያቀብላሉ፤ የመገኘት ወረቀታቸው ተፈርሞ ይወጣሉ። ሥራ አስኪያጁ «ዕቃ ያበላሹብኛል» ይላል። ያበላሻሉ፣ እውነት ነው፤ ለዚህ ነው የሚበላሽ ቁራጭ ብረትና ሞረድ የሚቀድመው። የተወገደ ካምቢዮ አውጥቶ «ፍቱና መልሳችሁ ግጠሙት» ማለት ወጪው ከምንም አይቆጠርም፤ ሲጨርሱም ማን ዳዶዎቹን በቅደም ተከተል እንደደረደረና ማን እንደበተነ ይታወቃል።

ጀርመኖች ለዚህ ክትትል የያዙት መሣሪያ ተራ ደብተር ነው። ለማጁ የሠራውንና የተማረውን በየጊዜው ይጽፋል፣ አሠልጣኙ አይቶ ይፈርማል። ደብተሩ ካልተያዘ ለመጨረሻው ፈተና አይቀርብም። ልጆቹ አይወዱትም፣ ሰነፍ አሠልጣኝም ሳያነብ ይፈርማል። የሚያነበው ግን ወሩን ሙሉ ላሜራ ሲቆርጥ የቆየ ልጅ አንድም ቀን እንዳልበየደ ከገጹ ላይ ያገኘዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያስበይደዋል።

ሌላው የሚዘነጋው ወረቀቱ ነው። አንዳንድ ባለቤት ለልጁ ማስረጃ ከጻፈለት የሚሄድ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ቃሉን ብቻ ይሰጠዋል። ውጤቱ ተቃራኒ ነው። መጨረሻ ላይ የሚታመን ማስረጃ እንደሚጠብቀው ያወቀ ልጅ በአነስተኛ ክፍያ ለመቆየትና ለመትጋት ምክንያት አለው። የማይጠብቀው ግን በስድስተኛው ወር፣ ገና እጁ ሳይፈታ፣ ትንሽ ወደጨመረለት ይሄዳል፤ ባለቤቱም «አላልኳችሁም?» ይላል።

የኢትዮጵያ ሕግ ይህን ቀድሞ አስቦበታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ሙያ ከሚለምድ ሰው ጋር ስለሚገባው ውል የሚናገሩ አንቀጾች አሉት። የለማጁ ዕድሜ ከ15 ዓመት ያላነሰ መሆን አለበት። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ የሥልጠናውን ዓይነትና ጊዜ፣ የሚከፈለውን ገንዘብና የሥራውን ሁኔታ መያዝ ይኖርበታል። ሲያልቅም አሠሪው ልጁ የሠለጠነበትን ሙያና የቆየበትን ጊዜ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። በሌላ በኩል የሙያ ብቃት ምዘናው፣ ሲኦሲ የምንለው፣ ተቋም ገብቶ ለተማረ ብቻ የተዘጋጀ አይደለም፤ በሥራ ላይ ሙያውን የለመደም ተመዝኖ ብቃቱን ማረጋገጥ ይችላል። ጋራዥ ውስጥ ያደገ ልጅ እዚያ ለመድረስ ከባለቤቱ የሚፈልገው አንድ ገጽ ነው፤ የሙያው ስም፣ የጀመረበትና የጨረሰበት ቀን፣ በእጁ የሠራቸው ሥራዎች ዝርዝር፣ ፊርማና ማኅተም።