«እኔ ምን አምሬ» የሚሉን እናቶች

ባለፈው ክረምት፣ በአንድ የሐምሌ ማለዳ፣ የፎቶ ቤቴን በር ገና ሳልከፍት አንድ ሰው በረንዳው ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁ። ጋቢው በካፊያ ርሷል። ከደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ የቀበሌ መታወቂያ አውጥቶ ሰጠኝና «እናቴ ትናንት ዐረፈች። ከዚች ላይ አውጥተህ አሳድግልን፤ ለሣልስቱ ይድረስልን» አለኝ።

ጎረቤላ ላይ በፎቶ ሥራ ለሚተዳደር ሰው እንዲህ ያለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። ለትምህርት ቤት ምዝገባና ለፈተና ከማነሣው ጉርድ ፎቶ፣ ከሠርግና ከክርስትና ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ ሥራ የሟች ፎቶ ማሳደግ ነው። የዚያን ቀኗ ፎቶ ግን ፈተነችኝ። ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም። የማኅተሙ ቀለም የሴትዮዋን ግራ ጉንጭና አገጭ አቋርጦ አልፏል።

«ሌላ ፎቶ የላትም?» አልኩት።

ስልኩን አውጥቶ ጣቱን እያንሸራተተ ወደ ኋላ ሄደ። ልጆቹ አሉ፤ በሬዎቹ አሉ፤ የጓደኛው ሠርግ አለ። እናቱ የለችም። «ነይ ላንሣሽ ስላት ‹እኔ ምን አምሬ፣ ልጆቹን አንሣ› ትል ነበር» አለኝና ስልኩን ወደ ኪሱ መለሰው።

መታወቂያውን በስካነር ከፍ ባለ ጥራት ገልብጬ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ አልኩ። በማኅተም የተሸፈነ ፊት የሚጠገነው ንጹሑን ጎን ገልብጦ በተበላሸው ላይ በመተካት ነው። የሰው ፊት ግን ግራና ቀኙ አንድ አይደለም። ደግሞም ፎቶ ሲያድግ መጠኑ ይጨምራል እንጂ መጀመሪያ ያልነበረ ነገር አይመጣም። ስለዚህ ያን ዕለት ያወጣሁት ፊት ከፊሉ የእሷ፣ ከፊሉ የእኔ ግምት ነበር። ልጇ ትክ ብሎ አየውና «እሷው ናት» አለ። እኔ ግን ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

አካባቢያችን ለሥዕልም ሆነ ለካሜራ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1841 ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሐሪስ ጋር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው ጀርመናዊው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትስ የአንኮበርን ተራራና ሕዝብ በእጁ ሥሎ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1879 ወደ ምኒልክ አንኮበር የመጣው ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም ፎቶ ያነሣ ነበር፤ በአገራችን ያነሣቸው ፎቶዎች ዛሬ ዙሪክ ውስጥ ተቀምጠው ይገኛሉ። በኋላም አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን አዲስ አበባ ገብቶ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ሙያውንም ለልጆቹ ለሃይጋዝና ለቶርኮም አወረሰ። ነገሥታቱና መኳንንቱ ምን ይመስሉ እንደነበር የምናውቀው በእንደነዚህ ያሉ ሰዎች ነው። የእኔን ቅድመ አያት መልክ ግን ዛሬ የሚነግረኝ የለም።

እኔ ሥራውን የተማርኩት ደብረ ብርሃን፣ በአንድ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። ጥቁርና ነጭ ወረቀት ቀይ ብርሃን ስለማይጎዳው በጨለማው ክፍል ቀይ አምፖል አብርተን እንሠራ ነበር። ወረቀቱ ማውጫው ፈሳሽ ውስጥ ገብቶ ፊት ቀስ እያለ ሲመጣ ማየት ዛሬም ከፊቴ አይጠፋም። አንድ ፊልም 36 ፍሬ ብቻ ነበረው። ሰው ልብሱን አጥቦ፣ ፀጉሩን ተሠርቶ፣ ከነቤተሰቡ ይመጣል፤ እኛም አንዷን ፍሬ ላለማባከን ትንፋሻችንን ይዘን እንጫናለን። ዛሬ አንዲት ሚሞሪ ካርድ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ ትይዛለች። ፎቶው በዛ፤ የሚታተመው ግን አነሰ።

አሁን ያለኝ ዕቃ ብዙ አይደለም፦ አንድ ካኖን ካሜራ፣ ለፊት የሚስማማ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ሁለት ፍላሽ፣ ነጭ ጃንጥላ፣ ለጉርድ ፎቶ የምትሆን ትንሽ ማተሚያ፣ መብራት ሲጠፋ የማገናኘው ባትሪ። ትልልቁን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደብረ ብርሃን አሳትማለሁ።

የጎረቤላ ትልቁ አስተማሪ ግን ጉሙ ነው። ከቆላው ሽቅብ ሲወጣ በደቂቃ ውስጥ ሙሽሮቹን ይሸፍናቸዋል። ጀማሪ ፎቶ አንሺ ያኔ ፍላሽ ያበራል፤ ብርሃኑ የጉሙን ጠብታዎች መትቶ ይመለስና ፎቶው ነጭ ግድግዳ ይሆናል። ፍላሹን አጥፍቶ ወደ ሰዎቹ መቅረብ ይበጃል፤ ስስ ጉም ብርሃኑን አለስልሶ ፊት ላይ ያለውን ጥላ ያሳሳዋል። ከብርዱ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባም ሌንሱ ላብ ያወጣል። ካሜራውን በቦርሳው ውስጥ ዘግቶ ቀስ ብሎ እስኪሞቅ መጠበቅ ነው፤ በነጠላ ጫፍ መጥረግ ትርፉ መቧጨር ነው።

ነጭ ልብስም ካሜራን ያታልላል። እናቶች በቀሚስና በነጠላ ሲመጡ ካሜራው «ብርሃን በዝቷል» ብሎ ያጠቁራል፤ ፊታቸው ይጠፋል። ስለዚህ ብርሃኑን ትንሽ ጨምሬ ለፊታቸው እለካለሁ። ስልክም ይህንኑ ያደርጋል፤ ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን በጣት ነክታችሁ ብርሃኑን ከፍ አድርጉት። ሴት አያታችሁ የጠቆሩት በመልካቸው አይደለም፣ በካሜራው ስሕተት ነው።

ስለ ስሕተት ካነሣሁ የራሴን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሠርግ አንሥቼ፣ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ መገልበጤን ሳላረጋግጥ ካርዱን አጠፋሁትና ሌላ ሥራ አነሣሁበት። ስሕተቴን ያወቅኩት በማግስቱ ነው። ከካርድ የጠፋ ፎቶ ሌላ ካልተጻፈበት በልዩ ፕሮግራም ይመለሳል፤ እኔ ግን ጽፌበት ነበር። ከግማሽ በታች ተመለሰልኝ። የሙሽራዋ ወንድ አያት ሲመርቁ ያነሣሁት አልተገኘም፤ የተረፈው ራሷ ላይ የተጫነ እጃቸው ብቻ ነው። ገንዘቡን መለስኩ፤ ቤተሰቡም በትልቅነት ይቅር አለኝ። ሽማግሌው ግን ዓመት ሳይሞላቸው ዐረፉ። ያቺን የእጃቸውን ፎቶ ልጆቻቸው አሳድገው ግድግዳ ላይ ሰቅለዋታል። በዚያ ቤት ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። ከዚያ ወዲህ የሠርግ ፎቶ ሁለት ቦታ ሳልገለብጥ እንቅልፍ አይወስደኝም።

እናንተም በቤታችሁ እንዲሁ አድርጉ። ስልክ ይሰረቃል፣ ውኃ ይገባዋል፣ ልጅ ይጥለዋል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ እንቁጣጣሽ ወይም ፋሲካ ላይ፣ አሥር ፎቶ መርጣችሁ አሳትሙ። በቴሌግራም ለፎቶ ቤት ስትልኩ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይቀንሳል። የታተመውን ከምድጃ ጭስ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቁት። ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ ስምና ዓመተ ምሕረት ጻፉ፤ እስክሪብቶ ፊት ለፊት ይታያል። የቆየ ፎቶ ካላችሁ ያለ ፍላሽ፣ በመስኮት ብርሃን፣ ስልኩን ከፎቶው ትይዩ ይዛችሁ ቅጂ አንሡ። ዋናውን አትጣሉት። በሥዕሉ ላይ ያሉት እነማን እንደሆኑ የሚያውቁ አዛውንት በሕይወት ሳሉ ጠይቁ።

ወደዚያ ሰው ልመለስ። የእናቱ አርባ በወጣ በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ብቻውን አልነበረም፤ ታላቅ እኅቷን፣ አክስቱን፣ ክንዳቸውን ደግፎ አስገባቸው። ወንበር በበሩ አጠገብ አድርጌ ብርሃኑ ከጎን እንዲያገኛቸው አስቀመጥኳቸው።

«ኧረ እኔ ምን አምሬ ልጄ! ጥርሴ እንኳ አልቋል» አሉኝ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው እየሳቡ።

«እማማ፣ እኔ እኮ የጥርስ ሐኪም አይደለሁም» ብላቸው ሳቁ። ነጠላው ከአፋቸው ወረደ። እዚያው ላይ ተጫንኩት።

ልጁ ሁለት አሳተመ፤ አንዱን ለእሳቸው፣ አንዱን ለራሱ። እርሳስ ተውሶኝ ጀርባው ላይ የአክስቱን ስም ጻፈ። ጥቂት አሰብ አደረገና ከሥሩ «የእናቴ እኅት፤ ሳቃቸው አንድ ነው» ብሎ ጨመረበት።