የደሴት ሪዞርት ሠራተኛ፦ የሆቴል ሠራተኛ ወይስ የመርከበኛ አምሳያ? የማልዲቭስ ተሞክሮ እንደ ማሳያ

መግቢያ

በሐሩር ክልል ደሴቶች ላይ ስለተገነቡ ሪዞርቶች የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ከሁለት ነገሮች በአንዱ ላይ ያተኩራል፤ በእንግዳው ወይም አገሪቱ በምታገኘው የውጭ ምንዛሪ፡፡ እንግዳው ሳምንት ያህል ቆይቶ ይሄዳል፤ ምንዛሪውም በባንክ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፡፡ በደሴቲቱ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚኖረው ሠራተኛ ግን ከሁለቱም ዕይታ ውጭ ይቀራል፡፡ ይህ አጭር ጽሑፍ ወደዚህ ሠራተኛ ይመለሳል፡፡ የሚያነሣውም ጥያቄ ይህ ነው፦ የሥራና የመኖሪያ ቦታ አንድ በሆነበት፣ ከዚያም ለመውጣት የአሠሪው ጀልባ በሚያስፈልግበት ሁኔታ፣ የሠራተኛው የዕረፍት ጊዜ በእርግጥ የራሱ ነውን?

ለማሳያነት የተመረጡት የማልዲቭስ ሪዞርቶች ናቸው፡፡ የምርጫው ምክንያት ሁለት ነው፡፡ አንደኛ፣ በዚያች አገር ሪዞርት ማለት በአመዛኙ አንድ ሙሉ ደሴት ማለት በመሆኑ የሥራና የኑሮ መደራረብ ያለ ቅይጥ ይታያል፡፡ ሁለተኛ፣ የአገሪቱ የሥራ ሕግ ይህን መደራረብ በዝምታ አላለፈውም፡፡ የጽሑፉ መከራከሪያ፣ የደሴት ሪዞርት ሠራተኛን ከከተማ ሆቴል ሠራተኛ ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር የሥራውን ዋና ጠባይ ይሰውራል፤ በሥራ ግንኙነቱ አወቃቀር ይበልጥ የሚቀርበው ለመርከበኛ ነው የሚል ነው፡፡ ጽሑፉ በሕግ ሰነዶችና በንድፈ ሐሳብ ሥራዎች ንባብ ላይ የተመሠረተ እንጂ የመስክ ጥናት ውጤት አይደለም፡፡

አንድ ደሴት፣ አንድ ሪዞርት

ማልዲቭስ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጉ 1,200 ገደማ ትናንሽ የኮራል ደሴቶች ስብስብ ናት፡፡ ከእነዚህ ውስጥ ነዋሪ ሕዝብ ያለባቸው ከ200 አይበልጡም፡፡ የመጀመሪያው ሪዞርት ከዋና ከተማዋ ከማሌ ብዙም በማይርቅ ደሴት ላይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፡፡ ከዚያ ወዲህ የተስፋፋው ሥርዓት መሠረቱ ቀላል ነው፡፡ መንግሥት ሰው የማይኖርበትን ደሴት ለረጅም ዘመን በሊዝ ያከራያል፤ ተከራዩም በደሴቲቱ ላይ አንድ ሪዞርት ብቻ ይገነባል፡፡

የዚህ ሥርዓት አንዱ ዓላማ የአካባቢ ጥበቃ ነበር፡፡ ሕንፃዎች ከዛፎች ቁመት እንዳይበልጡ፣ ከደሴቲቱ ስፋትም በተወሰነ መጠን ላይ ብቻ እንዲያርፉ ደንብ ወጣ፡፡ ሌላው ዓላማ ማኅበራዊ ነበር፡፡ የአገሬው ሕዝብ ሙስሊም በመሆኑ፣ ለእንግዶች የሚቀርበው የአልኮል መጠጥና የባሕር ዳርቻው አለባበስ ሕዝብ ከሚኖርባቸው ደሴቶች እንዲርቅ ተፈለገ፡፡ እንግዳውንና አገሬውን ለመለየት የታቀደው ይህ ሥርዓት ግን በዚያው ሠራተኛውን ከቤተሰቡ የሚለይ ሥርዓት ሆነ፡፡ ደሴቲቱ አስቀድሞ ነዋሪ ስላልነበራት ሠራተኛዋ ሁሉ ከሌላ ስፍራ ይመጣል፤ ከሌሎች የማልዲቭስ ደሴቶች፣ ከባንግላዴሽ፣ ከሕንድ፣ ከስሪ ላንካ፣ ከኔፓል፣ ከፊሊፒንስና ከኢንዶኔዥያ፡፡ ጠዋት መጥቶ ማታ ወደ ቤቱ የሚመለስ ጥቂት ነው፡፡

እያንዳንዱ ሪዞርት የራሱ ትንሽ ከተማ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡ መብራቱን በጄኔሬተር ያመነጫል፤ የባሕሩን ውኃ ጨው እያስወገደ ለመጠጥና ለመታጠቢያ ያውላል፤ ፍሳሹንም ያጣራል፡፡ ከአስተናጋጁና ከወጥ ቤት ሠራተኛው በተጨማሪ መካኒክ፣ ኤሌክትሪሺያን፣ የጀልባ ነጂ፣ አናጢ፣ አትክልተኛና የዋና መምህር በደሴቲቱ ላይ በቋሚነት ይኖራሉ፡፡ ይህን ሁሉ የሚያስተዳድረው አንድ አካል ብቻ ነው፤ እርሱም አሠሪው ነው፡፡

ሳሎንና ጓዳ

አሜሪካዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቅ ኧርቪንግ ጎፍማን እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው መጽሐፍ የሰዎችን ማኅበራዊ ግንኙነት በቴአትር መስሎ አቅርቦታል፡፡ በመድረኩ ፊት ተመልካች የሚያየው ትዕይንት አለ፤ ከመድረኩ ጀርባ ደግሞ ተዋንያኑ ጭምብላቸውን አውልቀው የሚያርፉበት ስፍራ አለ፡፡ በእኛ አነጋገር ሳሎንና ጓዳ ልንላቸው እንችላለን፡፡ የደሴት ሪዞርት አሠራር ይህን ክፍፍል በመሬት ላይ ያሰምራል፡፡ የባሕሩ ዳርቻ ዙሪያውን ለእንግዳ የተተወ ሳሎን ነው፤ ጓዳው ብዙውን ጊዜ በደሴቲቱ መካከል፣ ከተክል አጥር በስተጀርባ ይገኛል፡፡ የሠራተኞች መኝታ ክፍሎች፣ የመመገቢያ አዳራሽ፣ መስጊድ፣ ትንሽ ሱቅና የኳስ ሜዳ በዚያ ይሰባሰባሉ፡፡

ጓዳውም ራሱ ደረጃ አለው፡፡ ኃላፊዎች ብቻቸውን የሚያድሩበት ክፍል ሲሰጣቸው ዝቅተኛ ተከፋዮች አንዱን ክፍል ለብዙ ይጋሩታል፡፡ በከተማ ሆቴል በሥራ ሰዓት ብቻ የሚታየው የማዕረግ ልዩነት እዚህ በአልጋና በማዕድ ላይም ይታያል፡፡ ከሥራ በኋላ አለቃና ምንዝር የሚለያዩበት መንገድ የለም፤ ደሴቲቱን ከዳር እስከ ዳር በእግር ለማቋረጥ ብዙ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ይበቃልና፡፡

ጎፍማን ይበልጥ የሚጠቅመን ግን እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው ሌላ ሥራው ነው፡፡ በዚያ መጽሐፍ «ጠቅላይ ተቋም» ልንለው የምንችለውን ጽንሰ ሐሳብ አስተዋውቋል፡፡ ይህም ተመሳሳይ ዕጣ ያላቸው ብዙ ሰዎች ከሰፊው ማኅበረሰብ ተነጥለው፣ በአንድ አስተዳደር ሥር አብረው የሚሠሩበትና የሚያድሩበት ስፍራ ነው፡፡ መጽሐፉ በዋናነት ስለ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የተጻፈ ቢሆንም፣ ጎፍማን ከዘረዘራቸው የተቋሙ ዓይነቶች መካከል የጦር ሰፈር፣ የሥራ ካምፕ፣ አዳሪ ትምህርት ቤትና መርከብ ይገኛሉ፡፡ ሪዞርት በዝርዝሩ ውስጥ የለም፡፡ ይሁን እንጂ ሠራተኛውን ማዕከል አድርጎ ለሚመለከት ሰው የደሴት ሪዞርት ከመርከብ የሚለየው ባለመንቀሳቀሱ ነው፡፡

የማን ሰዓት?

በማልዲቭስ የሚገኙ በርካታ ሪዞርቶች ከማሌ ሰዓት አንድ ሰዓት የሚቀድም የራሳቸው «የደሴት ሰዓት» አላቸው፡፡ ዓላማው እንግዳው ከፀሐይ መውጫ በኋላ እንዲነቃና የምሽቱን ብርሃን ረዘም ላለ ጊዜ እንዲያገኝ ማድረግ ነው፡፡ ሠራተኛው ግን በሁለት ሰዓት ይኖራል፤ በአንዱ ይሠራል፣ በሌላው ከቤተሰቡ ጋር በስልክ ይገናኛል፡፡ ጉዳዩ ጥቃቅን ቢመስልም የደሴቲቱን ጊዜ የሚወስነው ማን እንደሆነ በግልጽ ያሳያል፡፡

ከዚህ የሚከብደው የተከፈለ ፈረቃ ነው፡፡ በመመገቢያ ክፍል የሚሠራ ሰው ቁርስ አስተናግዶ ቀትር ላይ ይለቀቃል፤ ለእራት ደግሞ ይመለሳል፡፡ በወረቀት ላይ የሥራ ሰዓቱ ከሕጉ ጣሪያ ላያልፍ ይችላል፡፡ በከተማ የሚኖር ሠራተኛ በመካከል ያለውን ጊዜ ልጁን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ወይም ጉዳይ ለማስፈጸም ሊያውለው ይችላል፡፡ በደሴቱ ላይ ግን ያ ጊዜ የሚያልፈው በዚያው መኝታ ክፍል ነው፤ እንግዳ ሲበዛም ሠራተኛው በቅርብ ስለሚገኝ ይጠራል፡፡

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ስለ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ባወጣው ስምምነት ቁጥር 172 «የሥራ ሰዓት» የሚለውን ቃል ሲተረጉም፣ የአገር ሕግ ወይም ልማድ ሌላ ካልወሰነ በቀር፣ ሠራተኛው ለአሠሪው ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ መሆኑን ይገልጻል፡፡ ይህ ትርጓሜ የተነደፈው ሠራተኛው ከሥራ ሲወጣ ከአሠሪው እጅ ይወጣል በሚል ግምት ነው፡፡ መውጫው ባሕር በሆነበት ስፍራ ግን ግምቱ ይናጋል፡፡

ደመወዝ፣ ማዕድና ፈገግታ

የዚህ ኑሮ ጥቅም መታለፍ የለበትም፡፡ መኝታና ምግብ በአሠሪው ስለሚሸፈን ሠራተኛው ከደመወዙ አብዛኛውን ሊቆጥብ ይችላል፡፡ ብዙዎችን ወደ ደሴቶቹ የሚስበውም ይህ ነው፡፡ ነገር ግን ማዕድና መኝታ የክፍያው አካል ሲሆኑ ሥራን መልቀቅ ማለት በአንድ ቀን ደመወዝን፣ አልጋንና ምግብን ማጣት ማለት ይሆናል፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ከአሠሪው ጋር ለተያያዘ የውጭ አገር ዜጋ ደግሞ በአገሪቱ የመቆየት መብትንም ይጨምራል፡፡ ስለዚህ ክፍያውን በገንዘብ ብቻ የሚለካ ጥናት ጥቅሙንም ጥገኝነቱንም አሳንሶ ያያል፡፡

ገቢው ከወቅት ጋርም የተሳሰረ ነው፡፡ በእንግዶች ሒሳብ ላይ የሚታከለው የአገልግሎት ክፍያ ከሠራተኛው ገቢ ከፍተኛውን ድርሻ ሊይዝ ይችላል፡፡ ሰማዩ በሚጠራበት ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባለው ወቅት ክፍያው ያድጋል፤ የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ዝናብ በሚያመጣባቸው ወራት ይቀንሳል፡፡ የወቅቱን ስጋት በከፊል የሚሸከመው ሠራተኛው ነው ማለት ነው፡፡

የሶሲዮሎጂ ተመራማሪዋ አርሊ ሆክስቻይልድ እ.ኤ.አ. በ1983 የበረራ አስተናጋጆችን መነሻ አድርጋ እንዳስረዳችው፣ በአገልግሎት ሥራ ፈገግታና ትዕግሥትም የሚሸጥ ጉልበት ናቸው፡፡ የበረራ አስተናጋጅ ግን በረራው ሲያበቃ ፊቷን ታሳርፋለች፡፡ በደሴት ላይ ያለ ሠራተኛ ከጓዳው በወጣ ቁጥር እንግዳ ሊያገኝ ይችላል፤ በዕረፍቱ ቀን በዳርቻው ሲራመድም ሰላምታውና አለባበሱ የሪዞርቱ ናቸው፡፡

የማልዲቭስ ሴቶች በሪዞርት ሠራተኞች መካከል እጅግ አነስተኛ ድርሻ የያዙበት ምክንያትም ከዚህ አወቃቀር ተነጥሎ አይታይም፡፡ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ በሃይማኖትና በባህል ብቻ ይተረጎማል፡፡ ነገር ግን ሥራው ከቤት ውጭ ማደርን የሚጠይቅ በመሆኑ ልጅ የምታሳድግ እናት በደሴቱ ላይ ቦታ የላትም፤ ቤተሰብም ወጣት ሴት ልጁን ርቆ እንድታድር ለመልቀቅ ያመነታል፡፡ እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ሕዝብ በሚኖርባቸው ደሴቶች ላይ የእንግዳ ማረፊያ ቤቶች ስለተፈቀዱ በዚያ የሚሠራ ሰው ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል፡፡ ባህሉ አንድ ሆኖ ማደሪያው የሚለይባቸውን እነዚህን ሁለት ዓይነት የሥራ ቦታዎች ማነጻጸር የትኛው ምክንያት እንደሚያመዝን ለመለየት ይረዳል፡፡

የሕጉ ምስክርነት

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የማልዲቭስ የሥራ ሕግ የሳምንቱን ሥራ በ48 ሰዓት ይወስናል፤ ከስድስት ተከታታይ የሥራ ቀናት በኋላም የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጥ ያዝዛል፡፡ ነገር ግን በቱሪስት ሪዞርቶች፣ በቱሪስት መርከቦችና ለኢንዱስትሪ ሥራ በተመደቡ ሰው አልባ ደሴቶች ላይ የሚሠሩ ሰዎች ከአሠሪው ጋር ተስማምተው የሳምንት ዕረፍታቸውን እንዲያጠራቅሙ ይፈቅዳል፡፡ ሕግ አውጪው እንግዲህ ሪዞርቱን የመደበው ከማሌ ሆቴሎች ጋር ሳይሆን ከመርከብ ጋር ነው፡፡ ለምደባው ምክንያት አለው፤ በደሴቱ ላይ አንድ ቀን ማረፍ ቤተሰብ አያገናኝም፣ የተጠራቀመ ዕረፍት ግን ያገናኛል፡፡

ይሁንና መርከበኛው ከዚህ ምደባ ጋር የሚሄድ ጥበቃ አለው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀውና በ2013 ሥራ ላይ የዋለው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት፣ መርከበኛ በማንኛውም 24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሰባት ቀን ውስጥም ቢያንስ 77 ሰዓት ዕረፍት እንዲያገኝ ይደነግጋል፡፡ የቀኑ ዕረፍት ከሁለት በላይ እንዳይቆራረጥ፣ ከሁለቱ አንዱም ከስድስት ሰዓት እንዳያንስ ያዝዛል፡፡ ስለ መኝታና ስለ ምግብ ጥራት፣ በአሠሪው ወጪ ወደ አገር ስለመመለስ፣ ወደ የብስ ለመውረድ ስለሚሰጥ ፈቃድም ይናገራል፡፡ የደሴት ሪዞርት ሠራተኛ የመርከበኛን መነጠል ሲካፈል እነዚህን ዋስትናዎች ግን እንደ መርከበኛ አይጠይቅም፡፡

የጋራ ድምፅም በደሴቱ ላይ ጠባብ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የሰላማዊ ስብሰባ ነፃነት ሕግ በቱሪስት ሪዞርቶች ሰልፍ ማድረግን ከልክሏል፡፡ ደሴቱ የሠራተኛው ብቸኛ አደባባይ በመሆኑ ክልከላው ከከተማ ይልቅ በእርሱ ላይ ይከብዳል፡፡ የመነጠል ዋጋ ለሁለቱ ወገኖች ምን ያህል እንደሚለያይ ደግሞ የኮሮና ወረርሽኝ አሳይቷል፡፡ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ድንበሯን ዘግታ በሐምሌ ስትከፍት፣ የደሴቶቹ መነጠል ለእንግዳ የደኅንነት ዋስትና ሆኖ ቀረበ፤ ለብዙ ሠራተኞች ግን ያ ወቅት የደመወዝ ቅነሳና ያለ ክፍያ የዕረፍት ጊዜ ነበር፡፡

መደምደሚያ

ከላይ የቀረበው ትንታኔ ሪዞርትን እስር ቤት አያደርገውም፡፡ ሠራተኛው በውል መጥቷል፤ ብዙዎችም በዚያ ሙያ ተምረዋል፣ ቤት ሠርተዋል፣ ልጆች አስተምረዋል፡፡ ነገር ግን አሠሪ የአልጋ፣ የማዕድ፣ የጀልባና የሰዓት ባለቤት በሚሆንበት ስፍራ የሥራን ሁኔታ በደመወዝና በፈረቃ ብቻ መመዘን አይበቃም፡፡ ሦስት ተጨማሪ መመዘኛዎች ያስፈልጋሉ፤ ሠራተኛው ያለ አሠሪው ፈቃድ ከስፍራው መውጣት ይችላልን? ዕረፍቱ ሳይቆራረጥ ስንት ሰዓት ይቆያል? ሥራውን ሲለቅ በዚያው ቀን ምን ምን ያጣል?

እነዚህ ጥያቄዎች ለኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችም ቅርብ ናቸው፡፡ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በአሠሪዎቻቸው ቤት እያደሩ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያት ሁኔታ ባሕር ባይከበውም በአወቃቀሩ ተመሳሳይ ነው፡፡ ስለ ቤት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ስምምነት ቁጥር 189፣ በአሠሪው ቤት የምታድር ሠራተኛ በዕረፍት ቀኗ በዚያ እንድትቆይ እንደማትገደድ ይደነግጋል፡፡ ለመርከበኛውና ለቤት ሠራተኛዋ ይህን ያህል በጽሑፍ ሲሰፍር፣ የሆቴሎች ስምምነት ግን በሥራ ቦታው ለሚያድር ሠራተኛ የተለየ ቃል የለውም፡፡ ሦስቱን በአንድ ማዕቀፍ ማጥናት ይህን ክፍተት ለመሙላት የመጀመሪያው እርምጃ ይሆናል፡፡