ሂዩስተን ከተማ ናት ወይስ የመንደሮች ጥርቅም?

የአሜሪካዋ ሂዩስተን 1,650 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ተንጣልላለች። እ.ኤ.አ. በ2020 ቆጠራ ነዋሪዋ 2.3 ሚሊዮን ነበር። በካሬ ኪሎ ሜትር 1,400 ሰው ገደማ መሆኑ ነው። ዳቦ ለመግዛት መኪና የሚያስነሳ ሰፈር ሞልቷታል።

ይሁንና መልኳ እየተለወጠ ነው። በ1998 የከተማው አስተዳደር በ610 ቀለበት መንገድ ውስጥ ለአንድ ቤት የሚጠየቀውን ዝቅተኛ ቦታ ከ465 ካሬ ሜትር እስከ 130 አወረደ፤ በ2013 ደግሞ ከቀለበቱ ውጭም ፈቀደ። አንድ ቪላ በነበረበት ግቢ ሦስት ፎቅ ቤቶች መቆም ጀመሩ። ሰው ሲጠጋጋ ለባለ ሱቅ በእግሩ የሚመጣ ደንበኛ ይበዛለታል።

ገዢ ግን ይጠንቀቅ። የአንድ መንገድ ነዋሪዎች ተፈራርመው የቀድሞውን የቦታ ስፋት ማስጠበቅ ይችላሉ። ይህን ሳያጣራ በሦስት ቤት ሒሳብ የገዛ፣ አንድ ቤት ብቻ ይዞ ይቀራል። ከተማነቱም ሆነ ዳርቻነቱ የሚለየው በየመንገዱ ነው።