የአእምሮ ሕመምና ፍቅር በኮሪያ ድራማ



ሰው እጁ ቢወልቅ ወጌሻ ይጠራል፤ ወባ ቢይዘው ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ ጎረቤትም መጥቶ «እግዜር ይማርህ» ይለዋል። የታመመው አእምሮው የሆነ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ቤተ ሰቡ በሩን ይዘጋል፤ ጎረቤቱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለክፎት ነው» ይላል። ስለዚህ ጉዳይ በአደባባይ መናገር ነውር ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ጥቂት እንድናገርበት ያነሣሣኝ የሐኪም መጽሐፍ ሳይሆን ከሩቅ አገር የመጣ የፍቅር ድራማ ነው ብል፥ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ትሉ ይሆናል።

ኮሪያ ለእኛ ባዕድ አገር አይደለችም። በ1943 ዓ.ም. የቃኘው ሻለቃ ጦር ወደዚያ ዘምቶ ደሙን አፍስሷል፤ ዘማቾቹ ተመልሰው ያወሩት የነበረውም ስለ ብርዱ፥ ስለ ተራራውና በጦርነት ስለ ተጎሳቆለው ሕዝብ ነበር። የዚያ ሕዝብ የልጅ ልጆች የሚሠሩት ተከታታይ ድራማ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይታያል። በአገራችንም ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ማናገር ከያዘ ወዲህ፥ የሌላ አገር ሰው በሳሎናችን ሲስቅና ሲያለቅስ ማየትን ለምደናል። የኮሪያውን ደግሞ ወጣቶቻችን በእጅ ስልካቸው እየጫኑ፥ ከሥሩ የተጻፈውን የእንግሊዝኛ ትርጉም እያነበቡ ያዩታል።

እኔም ያየሁት እንዲሁ ነው። የቡሄ ሰሞን ለዕረፍት ወደ ደብረ ታቦር ሄጄ በአክስቴ ቤት ሰነበትሁ። ጉና በደመና ተሸፍኖ፥ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ከቤት የሚያስወጣ አልነበረምና፥ የአክስቴ ትንሿ ልጅ ስልኳን በማሰሮ ላይ አስደግፋ ድራማዋን ስታይ፥ ለእናቷም እየተረጎመች ስትነግራት፥ እኔም ቀስ እያልሁ ተጠጋሁ።

የድራማው ስም ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «ግድ የለም፥ ፍቅር ነው» እንደ ማለት ነው። በ2006 ዓ.ም. የተላለፈ፥ ኖ ሂ ክዮንግ የተባለች ሴት የደረሰችው ነው። ባለ ታሪኩ ጃንግ ጄ ዮል ስመ ጥር ደራሲ ነው፤ በሬዲዮ ጣቢያም ሌሊት ሌሊት ሙዚቃ እያሰማ ይናገራል። (በዚህ በኩል የሙያ ባልደረባዬ ሆኖ ስላገኘሁት ሳልወደው አልቀረሁም።) ሴቲቱ ጂ ሄ ሱ የአእምሮ ሐኪም ናት። እርሱ መልከ መልካም፥ ባለ ጠጋ፥ አነጋገሩ የሚማርክ ሰው ነው፤ ነገር ግን እንቅልፍ የሚወስደው በመታጠቢያ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። በልጅነቱ ከእንጀራ አባቱ ዱላ እየሸሸ ይደበቅ ስለ ነበረ፥ ሰውነቱ ካደገ በኋላም በሰፊ አልጋ ላይ ማረፍን እምቢ ብሏል።

ይህ ደራሲ አንድ ወጣት ተማሪ ወዳጅ አለው፤ እንደ እርሱ ደራሲ ለመሆን የሚመኝ፥ እንደ እርሱም በቤቱ የሚደበደብ። በአራተኛው ክፍል መጨረሻ ሁለቱ ጎን ለጎን በደስታ ሲሮጡ እናያለን። ወዲያው ያው መንገድ በሌላ ዓይን ይታያል፤ የሚሮጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ልጁ ኖሮ አያውቅም። እስከዚያ ሰዓት ድረስ እኛ ተመልካቾች ልጁን አይተነዋል፥ ሰምተነዋል፥ አዝነንለታል። አክስቴ ይህን ስታይ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። ለምን እንደ ሆነ ለማወቅ የቤቱን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

የአክስቴ የበኩር ልጅ በሃያ አንድ ዓመቱ ስሙን የሚጠሩና የሚሰድቡ ሰዎችን ድምፅ መስማት ጀመረ። ማንም በሌለበት ይመልስላቸው ነበር። በመጀመሪያ ተቆጣነው፤ ቀጥሎ ሳቅንበት፤ በኋላም ፈራነው። እኔ ራሴ «ማንም የለም እኮ!» ብዬ የጮኽሁበት ቀን ትዝ ይለኛል። ድራማው ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ጩኸቴ ምን ያህል ከንቱ እንደ ነበረ ነው፤ ለሚሰማው ሰው ድምፁ አለና። የጄ ዮል ወዳጆች ልጁ እንደሌለ ደጋግመው ቢነግሩትም አላመነም። ሄ ሱ ግን ከልጁ ነገር አንድ የማይገጥም ምልክት ራሱ ፈልጎ እንዲያገኝ መከረችው። ሲያስተውልም ዓመታት ሲያልፉ ልጁ አላደገም፤ ሁልጊዜም ባዶ እግሩን ነው። በሆስፒታል መድኃኒት እየወሰደ ቆይቶ በመጨረሻ ጊዜ ልጁ ሲመጣበት፥ አላባረረውም፤ የቆሰለ እግሩን አጥቦ ጫማ ሰጥቶ አሰናበተው።

አክስቴ ኮሪያንኛ አታውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ትርጉም አልጠየቀችም። «እንደ ጸሎተ ሐሙስ» አለች። በእኛ አገር መንገደኛ ሲመጣ እግሩን ማጠብ ማለት «ሰው ነህ፥ እረፍ» ማለት ነውና፥ ነገሩ ቀጥታ ገብቷታል።

ሐኪሞች ይህን ሕመም ስኪዞፍሬንያ ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከ300 ሰዎች አንዱን ያህል ያገኘዋል፤ ብዙውን ጊዜም በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ዕድሜ ይጀምራል። ድራማው ግን አንዳንዱን ነገር ለውበት ሲል አስተካክሎታል። በእውነተኛው ሕመም ከሚታይ ምስል ይልቅ የሚሰማ ድምፅ ይበዛል፤ ድምፁም እንደዚያ ልጅ የተወደደና ሥርዓት ያለው የሚሆነው ከስንት አንድ ነው። ታማሚውም አንድ ቀን የእግሩን ባዶነት ስላስተዋለ ብቻ አይድንም። ድምፁን የሚያደክመው በየዕለቱ የሚዋጠው፥ ወይም በየወሩ በመርፌ የሚሰጠው መድኃኒት ነው፤ የመጀመሪያው ክሎርፕሮማዚን የተባለው በፓሪስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ለሕሙማን መሰጠት ጀመረ። ከዚያ በፊት በአውሮፓም ቢሆን ሰንሰለትና ግንብ ነበር።

ስለ ስሙም አንድ ነገር ልጨምር። በኮሪያ ይህ ሕመም ቀድሞ «የአእምሮ መሰንጠቅ በሽታ» ይባል ነበር። ስሙ ራሱ ሰውን ያስፈራና ያሳፍር ስለ ነበረ፥ ሐኪሞችና የሕሙማን ቤተ ሰቦች ባደረጉት ጥረት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2011 ተለወጠ። አዲሱ ስም «ጆህዮንብዮንግ» የሚል ነው፤ ትርጉሙም የአውታር ቅኝት ሕመም ማለት ነው። መሰንቆው አልተሰበረም፤ ክሩ ከቅኝቱ ወጥቷል፥ ተመልሶም ሊቃኝ ይችላል። አዝማሪ በማይጠፋበት በጎንደር አገር ይህን ስም ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። እኛ ያሉን ቃላት «ጨርቁን ጣለ»፥ «ወፈፍ አደረገው»፥ «ነካ ያደርገዋል» የሚሉ ናቸው። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ካሳ ዳምጤ «ጉዱ ካሳ» የተባለው አእምሮው ጎድሎ ሳይሆን አሳቡ ከሰፈሩ አሳብ ስለ ተለየ መሆኑን ስናስታውስ፥ ቃሉን ምን ያህል በዘፈቀደ እንደምንወረውረው እንረዳለን።

ሌላው ድራማ «ግደለኝ፥ ፈውሰኝ» የሚባለው በ2007 ዓ.ም. የተላለፈ ነው። በአንድ ወጣት ባለ ጠጋ ሰውነት ውስጥ ሰባት ባሕርያት ይፈራረቁበታል፤ እያንዳንዱም የየራሱ ስም፥ የየራሱ አለባበስና አነጋገር አለው። ሐኪሟ እያንዳንዱን በስሙ ትጠራለች፥ የሚሻውንም ትጠይቀዋለች። ይህን ስመለከት ትዝ ያለኝ የዛር ቤት ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1932 ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በጎንደር ተቀምጦ ሥርዓቱን በዓይኑ አይቶ ጽፏል። በዚያም ባለ ዛሩ ስሙን ይጠየቃል፤ ጌጥ ወይም የዶሮ ዓይነት ለይቶ ያዛል፤ ሲሰጠውም ይታረቃል። የታመመውን ሰው የሚወቅሰው የለም፤ የተናገረው ዛሩ እንጂ እርሱ አይደለምና። ዛርን ላወድስ አልተነሣሁም፤ ስንት ቤት በግብሩ እንደ ደኸየ አውቃለሁ። ነገር ግን አያቶቻችን ለተጨነቀ ሰው ማውሪያ ስፍራ ማበጀታቸውን መካድ አይገባም። ድራማውም ሰባት ባሕርይ ያለውን ሰው ከልክ በላይ አድምቆ ያሳያል፤ ሕመሙ በእውነት እጅግ የማይታይ፥ ሐኪሞችም የሚከራከሩበት ነው። ከዚህ የሚበልጠው ጥፋቱ ግን ሐኪሟ ታማሚዋን ማፍቀሯ ነው። በሕክምና ሙያ ይህ የተከለከለ ነው፤ የተጎዳ ሰው በእጇ ላይ ነውና። በመጀመሪያው ድራማ የሄ ሱ ነገር የሚሻለው፥ የጄ ዮል አካሚ ሌላ ሐኪም በመሆኑ ነው።

ፍቅር ብቻውን ያድናል የሚለው ሥዕል በብዙዎቹ ድራማዎች አለ። ወጣት ተመልካቾቼ ይህን እንዳያምኑ እለምናለሁ። የአክስቴን ልጅ ከእናቱ ይልቅ የወደደው የለም፤ ፍቅሯ ግን ለሰባት ዓመት ድምፁን አላስቀረለትም። ፍቅሯ ያደረገው ነገር፥ መድኃኒቱ እስኪገኝ ድረስ በሕይወት ማቆየቱ ነው።

ከሁሉ የወደድሁት ክፍል የሚገኘው በ2012 ዓ.ም. በታየው በሦስተኛው ድራማ ነው። ስሙ «እብድ ብትሆንም ግድ የለም» እንደ ማለት ነው። ሙን ጋንግ ቴ በአእምሮ ሆስፒታል ሕሙማንን የሚያስታምም ሠራተኛ ነው፤ ታላቅ ወንድሙ ሳንግ ቴ ኦቲዝም አለበት። የእናታቸውን መገደል ያየው ሳንግ ቴ በመሆኑ ቢራቢሮ ባየ ቁጥር ይሸበራል። በዚያ ሆስፒታል በቬትናም የዘመተ አንድ ሽማግሌ አለ። አንድ ቀን በአውቶቡስ ሲሄዱ ከውጭ የግንባታ መኪና ድምፅ ይሰማል፤ ሽማግሌው ጦርነቱ የመጣበት መስሎት ይንቀጠቀጣል። ተሳፋሪው ሁሉ ሲደነግጥ፥ ሳንግ ቴ ጃኬቱን አውልቆ በሽማግሌው ራስ ላይ ይደርብለታል። ወንድሙ እርሱን የሚያረጋጋው እንደዚያ ነበርና። በድራማው ፍጻሜም ሳንግ ቴ ኦቲዝሙ አልተለወጠም፤ አይለወጥምም፤ ቢራቢሮውን ግን መሣል ችሏል፥ የመጽሐፍ ሥዕል ሠዓሊ ሆኖም ራሱን ችሏል።

ይህን ስናይ የአክስቴ ትንሿ ልጅ ስልኩን ለአፍታ አቆመችው። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነቱ በጋይንት በኩል ነፋስ መውጫ ገብቶ፥ የከባድ መሣሪያ ድምፅ እስከ ደብረ ታቦር ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በር በኃይል ሲዘጋ የምትደነግጥ የክፍል ጓደኛ አለቻት። «ሰነፍ ናት ይሏት ነበር» አለችኝ። እንዲህ ያለው ድንጋጤ ስንፍናም ልክፍትም አይደለም፤ አደጋውን ያየ አእምሮ አደጋው ካለፈ በኋላም ዘብ መቆሙን ሳይተው ሲቀር የሚመጣ፥ ስምና ሕክምና ያለው ሕመም ነው። ጋቢ መደረብ ሕክምናው ባይሆንም መጀመሪያው ነው።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ፥ በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነበር። ከደብረ ታቦር እስከዚያ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የታሰረን ሰው በአውቶቡስ ይዞ መሄድ ምን እንደሚመስል ያደረገው ያውቀዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1995 ዓ.ም. የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ከጀመረ በኋላ ነገሩ እየተለወጠ መጥቷል። አሁን በጎንደርና በባሕር ዳር ብቻ ሳይሆን በደብረ ታቦር ሆስፒታልም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ጠበል የሚሄደውንም ሰው «አትሂድ» የሚል ሐኪም ብዙ አይሰማም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መምከራቸው ይታወሳል፤ ለአእምሮ ሕመምም ያው ምክር ይሠራል። የሚጎዳው ጠበሉ ሳይሆን ሰንሰለቱ፥ ጾሙን አክርሮ መድኃኒቱን ማቋረጡ ነው። ድምፁ ጠፋ ተብሎ መድኃኒቱ በራስ ፈቃድ ሲቆም ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይመጣል።

የአክስቴ ልጅ ዛሬ አናጺ ነው፤ በየወሩ መርፌውን ይወጋል። የቀረው ነገር የእኅቱ ነው። ሽማግሌዎች ተልከው፥ ጠላው ተቀድቶ፥ ነገሩ ሊያልቅ ሲል አንዱ የወንድሟን ነገር ሰምቶ «በዘራቸው እብድ አለ» በማለቱ፥ ሁለተኛውን ዋንጫ ሳይቀበሉ ተነሥተው ሄዱ። ሐኪሞች እንደሚሉት፥ ወንድም ወይም ወላጅ ስኪዞፍሬንያ ያለበት ሰው ከ100 ወደ 10 ያህል ጊዜ ይታመማል፤ 90ው ደኅና ይኖራል። ይህን ለሽማግሌዎቹ የነገራቸው አልነበረም።

የድራማው የመጨረሻ ክፍል ሲያልቅ ጄ ዮልና ሄ ሱ ተጋብተው ልጅ ይጠባበቁ ነበር። አክስቴ ወደ እኔ ዞር ብላ፥

«እንዲያው ልጄ፥ ሕመሙን ነግረዋት ነው ያገባችው?» አለችኝ።

«አዎን አክስቴ፤ ሁሉን አውቃ ነው። ራሷም ሐኪም አይደለች?»

«እርሷማ ትወቅ። እኔ የጠየቅሁህ አባቷን ነው።»

የምመልሰው አጣሁ። ታላቂቱ ልጇ በረከትዋን ቡና ስትቀዳ ነበር፤ የመጀመሪያውን ስኒ ለወንድሟ አቀረበችለት።