በዓይን ውስጥ የሚተከል ሌንስ

በመንደራችሁ በልጅ እየተመሩ፣ በትራቸውን ተደግፈው የሚሄዱ አዛውንት ታውቁ ይሆናል። «እርጅና ነው፤ ምን ይደረጋል?» እያሉም ኑሯቸውን ተቀብለውት ይሆናል። ይሁን እንጂ በእርጅና ዘመን የሚመጣ ዕውርነት ሁሉ መድኃኒት የለሽ አይደለም።

ከዓይን ብሌን በስተጀርባ ጥርት ያለ ሌንስ አለ። ተግባሩም ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን ሰብስቦ ሬቲና በተባለው የዓይን የኋላ ሽፋን ላይ ማሳረፍ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይህ ሌንስ ቀስ በቀስ ሊደፈርስ ይችላል። ሕመሙ የዓይን ሞራ ይባላል፤ በአገራችንም ዋነኛው የዓይነ ስውርነት መንስኤ ይኸው ነው።

ቀደም ባለው ዘመን ሐኪሞች የደፈረሰውን ሌንስ በቀዶ ሕክምና ያወጡ ነበር፤ በምትኩ የሚያስገቡት ግን አልነበራቸውም። ስለዚህ ታካሚው እጅግ ወፍራም መነጽር ለማድረግ ይገደድ ነበር።

ይህን ጉድለት ለመሙላት የተነሣው እንግሊዛዊው የዓይን ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከተሰበረ የአውሮፕላን መስኮት የተፈናጠረ የፕላስቲክ ስብርባሪ በአንዳንድ አብራሪዎች ዓይን ውስጥ ገብቶ ነበር። ሪድሊ ስብርባሪው ዓይንን ሳያስቆጣ መቆየቱን አስተዋለ። ከዚሁ ዓይነት ፕላስቲክ ሌንስ አሠርቶም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1949 ለንደን በሚገኘው በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የመጀመሪያውን ተከላ አከናወነ። ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ ቢቃወሙትም፣ ውሎ አድሮ ሥራው በዓለም ዙሪያ ተቀባይነት አገኘ። በስተርጅናው በራሱ ዓይኖች ውስጥም እንዲሁ ሌንስ ተተከለለት።

ዛሬ ሐኪሙ በቅድሚያ ዓይንን ለክቶ ተስማሚውን ሌንስ ይመርጣል። ከዚያም ዓይንን አደንዝዞ በጠባብ ቀዳዳ የደፈረሰውን ያወጣል፤ አዲሱንም በቦታው ይተክላል። ሌንሱ እንደ መነጽር አይወልቅም፤ ዕድሜ ልክ እንዲያገለግል ታስቦ የተሠራ ነው። ሆኖም እንደ ተፈጥሮው ሌንስ ቅርጹን ስለማይለዋውጥ፣ ብዙዎች ለማንበብ መነጽር ያስፈልጋቸዋል። ሬቲናው ወይም የዓይን ነርቩ ከተጎዳ ደግሞ የሌንሱ መተካት ብቻውን ዕይታን አይመልስም።

የሩቁን አጥርቶ ማየት እጅግ ለሚሳናቸው ወጣቶችም ሌላ ዓይነት ተከላ አለ። በዚህ ጊዜ የተፈጥሮው ሌንስ አይነካም፤ ተጨማሪ ሌንስ ከፊቱ ይቀመጣል። ነገር ግን ማናቸውም ቀዶ ሕክምና አደጋ አያጣውምና፣ መነጽር የሚበቃው ሰው በመነጽር ቢረዳ ይመረጣል።

እንግዲህ ዓይናቸው የደከመ አዛውንት ስታዩ፣ መንገድ መርታችሁ ብቻ አትለዩአቸው። የዓይን ሐኪም ዘንድ ቀርበው እንዲመረመሩ ምከሯቸው፤ ቢቻላችሁም አድርሷቸው። ዕድሜ ያመጣው ነው ያሉት ጨለማ በሐኪም እጅ ሊገፈፍ የሚችል ሊሆን ይችላልና።